ሐጃን ማን ያገላብጣቸዋል?

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። ኤደን ሲባል ብዙዎቻችሁ ወደቡን፣ መርከቡን፣ ድሮ ነጋዴዎቻችን ይመላለሱበት የነበረውን ገበያ ታስባላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ከወደቡ ወዲያ፣ በስተሰሜን ስላለው መንሱራ ስለሚባል ሰፈር ነው። ከመንሱራ ጎን ሼክ ዑስማን የሚባል ሌላ ሰፈር አለ። እሱንም ስሙን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

በትረካዬ ውስጥ ሁለት እህትማማቾች አሉ። እነሱን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። እንደነሱ የሚኖሩ ብዙ ናቸውና ስም አላወጣሁላቸውም፤ ታላቂቱና ታናሺቱ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ስለ ከተማው፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ሙታኑ የምነግራችሁ ግን በእርግጥ የሆነ ነው። ወሩንና ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ታላቂቱ ያለችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሕመምተኞቿን አስረክባ መኪናዋ ውስጥ ስትቀመጥ፣ በጋ ከሆነ መንሱራ ቀኑ ስምንት ሰዓት ብሏል። ያን ጊዜ ነው በዋትሳፕ ድምፅ የምትልከው። አንድ ቀን እንዲህ ብላ ላከች፦

«ሆዴ፣ እንደምን ዋልሽ? አንድ ነገር አግዥኝ እስቲ። ስለ አገልጋይ መሪ ምሳሌ ጻፉ ተብለናል። ከመጽሐፍ የተቀዳ አልፈልግም፤ አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ። እሑድ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ማስገባት አለብኝ።»

መልሱ የደረሳት ማታ ነው፤ መንሱራ መብራትም ኔትዎርክም ሲመጡ አብረው አይመጡምና። ታናሺቱ ሳቅ እያለች፦ «እትዬ፣ አገልጋዩስ እኔ አለሁልሽ። መሪ ግን እዚህ አገር ከየት ላምጣልሽ?»

አሁን ታላቂቱ ከየት ተነሥታ እዚህ እንደደረሰች ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ተወልዳ፣ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ገባች። እንደ ብዙ ሐበሻ ሴቶች በሲኤንኤ፣ በነርስ ረዳትነት ማለት ነው፣ ጀመረች፤ ቀን ቀን የአረጋውያን ቤት ሽማግሌ እያጠበች፣ ማታ ማታ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እየተማረች። ኤንክሌክስ የሚሉትን የፈቃድ ፈተና አለፈችና አርኤን፣ ማለትም ሙሉ ነርስ፣ ሆነች። ዲግሪውን ኦንላይን ጨረሰች፣ ማስተርሱንም እንደዚያው። አሁን ደግሞ ክርስቲያናዊ መሠረት አለኝ በሚል ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ አመራር ዶክትሬት ይዛለች፤ እሱም ኦንላይን ነው። እናቷ ኮምቦልቻ ላይ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ብለው ቢያወሩ ጎረቤቱ ሁሉ የወገቡን ሕመምና የስኳሩን ውጤት በስልክ ይልክላት ጀመር። «እማዬ፣ እኔ የምሆነው የነርስ ዶክተር ነው» ብትላቸው፣ «ታዲያ ነርስ ከታመመች የምታክሚው አንቺ ነሽ?» አሏት። ከዚያ ወዲህ ማስረዳቱን ተወችው።

እኔ ግን ልሞክር። የነርስ ዶክትሬት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፒኤችዲ ነው፤ ተመራማሪና መምህር የሚወጣበት። ሁለተኛው ዲኤንፒ ይባላል፤ የሚያተኩረው በሥራው ላይ ነው። ይኼኛው የቅርብ ጊዜ ነው፤ የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር ለከፍተኛ የነርስ ሥራ ማዘጋጃ ይሁን ብሎ የተስማማበት በ2004 ነው። ንባቡና ውይይቱ በኮምፒውተር ይሁን እንጂ፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ ወዲህ የሚቆጠር ቢያንስ 1,000 ሰዓት በተግባር መሥራት በአብዛኛው ይጠየቃል። ሰዓቱን የሚፈርም አማካሪ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ተማሪዋ በምትሠራበት ቦታ አንድ የተበላሸ አሠራር መርጣ፣ አስተካክላ፣ ለውጡን በቁጥር ማሳየት አለባት።

የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲዎቹ በዚህ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ። ቨርጂኒያ ላይ ሊበርቲና ሪጀንት አሉ፤ አሪዞና ላይ ግራንድ ካንየን አለ፤ ሌሎችም አሉ። በአብዛኛው ነርሷ እምነቷን ከሥራዋ ጋር አስማምታ እንድትጽፍ ይጠይቃሉ። በዚህ ላይ የራሴን ልበል፤ የጥቅሱ ብዛት አያስደምመኝም። አናቱ ላይ የመጽሐፍ ቃል ተለጥፎበት ከሥሩ ተራ የንግድ አስተዳደር ትምህርት የሆነ ኮርስ ሞልቷል። ክርስቲያናዊ ነኝ የሚል አመራር የሚለየው አልጋው ላይ የተኛው ሰው ክርስቲያን ባልሆነ ጊዜ ነው። ለዚህም ነው ታላቂቱ ምሳሌ ፍለጋ ወደ መንሱራ መደወሏ ያስደሰተኝ፤ እሷ ይህን አስባ ባትደውልም።

ከአዲስ አበባ ወይ ከባሕር ዳር ሆናችሁ «እኔም ልመዝገብ» የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ ሁለት ነገር እዩ። ዲኤንፒዎቹ በአብዛኛው የአሜሪካ የነርስ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ዲግሪውን ይዛችሁ አገር ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁም የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግመታ አለባችሁ፤ እዚያ ወረፋ ላይ ቆማችሁ «ኦንላይን ነው?» ከመባል አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። በሉ ወደ ወሬዬ ልመለስ።

ታናሺቱም ነርስ ናት። ደሴ ተምራ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ፈተና አልፋ፣ ጤና ጣቢያ ተቀጥራ ነበር። በ2021 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ገባባቸው። ጤና ጣቢያዎቹ ተዘረፉ፤ ደመወዝ ቀረ። እሷም እንደ ብዙው የወሎ ልጅ በአፋር በረሃ አድርጋ ጅቡቲ ወጣች፤ ከኦቦክ በጀልባ ተሻግራ ራስ አል‑ዓራ በምትባል የላሕጅ ዳርቻ ወረደች። ሐሳቧ ሳዑዲ ነበር። መንገዱን ከሄዱበት ሰዎች ሰማችና ኤደን ላይ ቀረች። ስለ መንገዱ እዚህ አላወራም፤ የሰማ ሰምቶታል።

መንሱራ አንድ ቤት ገባች፣ በሠራተኝነት። የቤቱ እናት ሐጃ ይባላሉ፤ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ይዘዋል። እሷ ስትገባ ወገባቸው ሥር ጥፍር የሚያህል ቁስል ተከፍቶ ነበር። ምራታቸው ቁስሉን ሽቶ ትቀባው ነበር፤ ሽታው እንዲጠፋ። ታናሺቱ ያን አይታ ዝም ማለት አልሆነላትም። ዓረብኛዋ ገና ጥቂት ቃል ነበር፤ በእጇ እያሳየች ሽቶውን አስጣለች፣ ቁስሉን ንጹሕ ውኃ አፍልታ አቀዝቅዛ በጨው አጠበች፣ አሮጊቷን በጎናቸው አስተኛች። ሠራተኛ ሆና ገብታ ነርስ ሆነች፤ ደመወዟ ግን የሠራተኛ ነው። የምትሠራበትን ሰዓት የሚፈርምላትም የለም።

ታላቂቱ የ«አገልጋይ መሪ»ን ነገር ለእህቷ ማስረዳት ነበረባት። ነገሩ እንዲህ ነው። ሮበርት ግሪንሊፍ የሚባል አሜሪካዊ፣ ዕድሜውን በኤቲ ኤንድ ቲ የስልክ ኩባንያ የሠራ ሰው፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1970 አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ጻፈ፤ መሪ መጀመሪያ አገልጋይ መሆን አለበት የምትል። ዛሬ በእነዚህ ኮርሶች ሁሉ የሱ ስም ይነሣል። ሐሳቡን ያገኘው ከወንጌል ይመስላችኋል? ከሄርማን ሄሰ ልብ ወለድ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ስለሚደረግ ጉዞ ከሚተርከው። በታሪኩ ውስጥ ሊዮ የሚባል አገልጋይ አለ። ዕቃ ይሸከማል፣ ይዘፍናል፣ ተጓዦቹን ያጽናናል። አንድ ቀን ሊዮ ይጠፋል። ተጓዦቹ ይጣላሉ፣ ይበተናሉ፤ ጉዞው ይፈርሳል። መሪያቸው እሱ እንደነበረ ኋላ ይገለጣል።

ታላቂቱ ይህን ሁሉ በድምፅ ተርካ ላከች። ጸሎተ ሐሙስንም አልረሳችም፤ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመኑን እግር የሚያጥብበትን። የአሜሪካ መምህሯ ይህን ሥርዓት ሰምታው አታውቅም ነበርና ባለፈው ሳምንት በጣም ወዳላት ነበር። ከመንሱራ የመጣው መልስ ግን ሌላ ነው፦

«ጥሩ ታሪክ ነው እትዬ። ግን እኔን አልገባኝም። አገልጋዩ ሲሄድ ጉዞው ከፈረሰ ምኑን መራ? እኔ ነገ ከዚህ ቤት ብወጣና ሐጃ እንደገና ቢቆስሉ፣ ጎበዝ ነርስ ነበረች ትይኛለሽ?»

ታላቂቱ ለዚህ መልስ አልነበራትም። ታናሺቱ ቀጥላ «ምሳሌ ከፈለግሽ ግን ጎረቤት አለልሽ» አለቻትና የሼክ ዑስማኖቹን የማዘር ቴሬዛ እህቶች ነገር አነሣችላት። ኤደን ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔው ልያዘው፤ ረዘም ይላል።

ሼክ ዑስማን የክርስቲያን ሐኪም ቤት ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። አየን ኪዝ‑ፋልከነር የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር፤ የጌታ ልጅ፣ የመሳፍንት ወገን። በወጣትነቱ በብስክሌት እሽቅድምድም የታወቀ ነው፤ በ1882 ብሪታንያን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ በብስክሌት አቋርጧል። ኋላ ዓረብኛ አጠና፣ ከሱርስት ቋንቋ «ከሊላና ዲምና»ን ተረጎመ፣ ካምብሪጅ ላይ የዓረብኛ ፕሮፌሰር ሆነ። ከዚያ ከሚስቱና ከአንድ ሐኪም ጋር ሼክ ዑስማን ገባ፤ ክሊኒክ ሊከፍት። ወባው ደጋግሞ ጣለው። በግንቦት 1887፣ ገና 30 ዓመቱ፣ እዚያው ሞተ። የኖረባት ጊዜ በወራት የምትቆጠር ነበረች። እሱ ሲሞት ግን ሥራው አልሞተም፤ የስኮትላንድ ነፃ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ሐኪም ላከች፣ ከሱ በኋላም ሌላ፤ በስሙ የተጠራው ሆስፒታል እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያም በኋላ የኤደንንና የአካባቢውን ሰው ሲያክም ኖረ። ሊዮ ሄዶ ጉዞው አልፈረሰም ማለት ነው። ይቺን ልብ በሉልኝ።

የማዘር ቴሬዛ እህቶች የመን የገቡት በ1973 ነው፤ መጀመሪያ ሆዴይዳ። በዚያው ዓመት ነው አዲስ አበባም የገቡት፤ የስድስት ኪሎውን ቤት የማያውቅ የለም። ኤደን የመጡት በ1992 ሲሆን፣ ሼክ ዑስማን ላይ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ቤት ከፈቱ። በዚያ ቤት የሚተኛው ሰው በአብዛኛው ሙስሊም ነበር። እህቶቹ አያጠምቁም፣ አይሰብኩም ነበር፤ ያጥቡ፣ ያበሉ፣ ያገላብጡ ነበር እንጂ። በሐምሌ 1998 ሆዴይዳ ላይ ሦስት እህቶች በጥይት ተገደሉ። የቀሩት ግን የመንን ለቀው አልወጡም።

በ2015 ጦርነቱ ኤደን ገባ። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ከተማዋ የጦር ሜዳ ሆነች፤ ብዙው የውጭ ሰው ወጣ። እህቶቹ ቀሩ። ሂዱ ተብለው ነበር፤ ግን ሽማግሌዎቹን ለማን ጥለው ይሂዱ? ከእነሱ ጋር አባ ቶም ኡዙናሊል የሚባሉ ህንዳዊ የሳሌዥያን ካህን ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘርፎ እዚያው ግቢ ተጠግተው። ግቢውን ደግሞ የሚያገለግሉ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ የመናውያን ሠራተኞች፣ የየመን ሹፌርና ዘበኛ፣ እንዲሁም የእኛ ልጆች።

መጋቢት 4 ቀን 2016፣ ዓርብ ቀን ነው። በእኛ የካቲት 25 ቀን 2008፤ ከዓድዋ በዓል ሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። እህቶቹ ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ቁርስ በልተው ወደየሥራቸው ተሰማሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ታጣቂዎች መጡ። ዘበኛውን ገደሉ፣ ገቡ። በሕይወት ከተረፈችው አለቃ እህት አፍ ተሰምቶ በኋላ በተሰራጨው ደብዳቤ ላይ አምስት ወጣት ኢትዮጵያውያን ተጠቅሰዋል። ክርስቲያኖች ነበሩ። ታጣቂዎቹ መምጣታቸውን ለእህቶቹ ሊነግሩ ሮጡ።  አንድ በአንድ ተይዘው ዛፍ ላይ ታስረው ተገደሉ።

ከዚያ እህቶቹን ያዙ። እህት አንሰልም ከህንድ፣ እህት ጁዲት ከኬንያ፣ እህት ማርጋሪትና እህት ረጂኔት ከሩዋንዳ። አራቱም ሞቱ። በጠቅላላ የሞተው ሰው 16 ነው፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት። አባ ቶም ተወሰዱ፤ በመስከረም 2017 በኦማን አስታራቂነት እስኪለቀቁ ከዓመት ተኩል በላይ ታሰሩ። አለቃዋ እህት የተረፈችው የማቀዝቀዣው ክፍል በር ጀርባ ቆማ ነው፤ ገዳዮቹ ደጋግመው ገብተው ሳያዩዋት ወጡ። አልጋ ላይ የነበሩት ወደ 80 የሚጠጉ ሽማግሌዎችና ሕሙማን አልተነኩም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በዚያው ሳምንት እሑድ ስለ እህቶቹ ሲናገሩ፣ የገደላቸው የታጣቂዎቹ ጥይት ብቻ ሳይሆን የዓለም ግድ የለሽነትም ጭምር ነው ብለው ነበር።

የአምስቱ ልጆች ነገር ለእኔ ከሁሉ ይብሳል። በጋዜጣው ዜና ላይ ከቁጥሩ ውስጥ ገብተው አለፉ። ከመካከላቸው ስለ አመራር ኮርስ የወሰደ ያለ አይመስለኝም።

ታላቂቱ ይህን ሰምታ በዚያ ቀን ሳትተኛ ዋለች። ጻፈችውና ላከች። የመምህሯ አስተያየት በማግስቱ መጣ፤ ጨዋና ደረቅ ነበር። ልብ የሚነካ ታሪክ ጽፈሻል፤ መሥዋዕትነትን አሳይተሻል፤ ይህ ኮርስ ግን የአሠራር ለውጥ ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ በክፍልሽ ሥራ ላይ የምታውዪው የቱን ነው? የሚል።

ታላቂቱ ተናደደች። «ሰው ሞቶ አሠራር ይሉኛል» ብላ ለእህቷ ድምፅ ላከች። ታናሺቱ ታጽናናኛለች ብላ ነበር፤ እሷ ግን ከመምህሯ ጋር ወገነች።

«መምህሯ ልክ ናት እትዬ። እኔ ያን ነገር ሰምቼ መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገርሽ? አትቆጪኝም? ያን ቀን አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹን ማን አገላበጣቸው ብዬ ነው ያሰብኩት። አልጋ ላይ ያለ ሰው እኮ ገላው ሐዘን አያውቅለትም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይቆስላል። እህቶቹ ቅዱሳን ናቸው፤ እሱ የታወቀ ነው። እኔ ጥያቄዬ የነሱን እጅ ማን ተምሮታል ነው።»

ሌሎች ቢሰሟት ልበ ደረቅ ይሏት ይሆናል። እኔ አልላትም፤ ነርስ እንዲህ ናት።

ታላቂቱ በዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነገር ፍለጋ ገባችና ሳትጠብቀው ወደ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሄደች። ስለ ናይቲንጌል ሁላችንም ፋኖሷን ነው የተማርነው። እግዚአብሔር ለአገልግሎት ጠራኝ የምትለው በ1837፣ በ16 ዓመቷ ነው። በ1851 ጀርመን ካይዘርስቬርት ከፕሮቴስታንት ዲያቆናዊያት ዘንድ ሄዳ ሕሙማን ማስታመም ተማረች። በ1854 ወደ ክሪሚያ ጦርነት ሄደች። ታላቂቱ ያገኘችው ግን ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1859 የታተመውን፣ ስለ ነርስ ሥራ የጻፈችውን ትንሽ መጽሐፍ ነው። በውስጡ ስለ ጥቃቅን አስተዳደር የሚናገር አንድ ምዕራፍ አለ። የምዕራፉ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ አንቺ እያለሽ የሚሆነው ነገር አንቺ በሌለሽበትም እንዲሆን ካላደረግሽ፣ የደከምሽው ድካም ዋጋ የለውም። ነርሷ ቀንም ሌሊትም አልጋው አጠገብ ልትኖር አትችልም። ልትታመም ትችላለች፣ ልትጠራ ትችላለች። ኃላፊ ማለት ሁሉን ራሷ የምትሠራ አይደለችም፤ ሁሉ መሠራቱን የምታረጋግጥ እንጂ።

ከግሪንሊፍ ከመቶ ዓመት በላይ የቀደመ ነው፤ ሊዮንም አስቀድሞ የመለሰለት ይመስላል። እኔን ብትጠይቁኝ በእነዚህ ኮርሶች ውስጥ ፋኖሷን ቀንሰው ይህን ምዕራፍ ቢጨምሩ እላለሁ።

ከአገራችንም ምሳሌ አለን። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ በ1939 ተመርቃለች። አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሰች፤ በነሐሴ 1942 ለቀምት ላይ፣ ሃያዎቹን ገና ስትጀምር ዐረፈች። እሷ ለመሥራት ያገኘችው ጊዜ ጥቂት ነበር። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ግን ነርሶች እያሠለጠነ ስንት ትውልድ አወጣ። ታላቂቱ የዚህንም ጻፈች፤ በአንድ አንቀጽ።

ከዚያ የዶክትሬት ሥራዋን ርእስ ቀየረች። ቀድሞ «አገልጋይ መሪነት በነርሶች መካከል» የሚል ሰፊ ነገር ነበር፤ መጠይቅ አሰናድታ ነርሶቹን «መሪያችሁ ያገለግላችኋል ወይ?» ልትል። አሁን ጠበበች፤ በክፍሏ ውስጥ የተኙ አረጋውያን ከአንዱ ተረኛ ወደ ሌላው ሲተላለፉ የመገላበጥ ሰዓታቸው ይጠፋል ወይ? የብሬደንን መለኪያ ይዛለች፤ በ1987 የወጣ፣ ሰው ለአልጋ ቁስል ምን ያህል እንደሚጋለጥ በስድስት ነገር የሚመዝን፤ ሕመምተኛው የሚያገኘው ነጥብ 18 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አደጋ አለ የሚባልበት። ተረኛዋ ስታስረክብ ይህን ነጥብና የመጨረሻውን የተገላበጡበትን ሰዓት በቃልም በጽሑፍም እንድትናገር ነው የምታደርገው። መምህሯ በአንድ መስመር «ይህ ይሆናል» ብላ መለሰች። የእምነቱን ክፍል በተመለከተ ታላቂቱ ብዙ አልጻፈችም። የእምነቴ ግዴታ እኔ ከሄድኩ በኋላ ሰውየው እንዳይቆስል ማድረግ ነው፤ የሰውየው እምነት ምንም ይሁን ምን፤ ብላ አቆመች። ይበቃል።

መንሱራ ያለችው ግን ለመሄድ እየተዘጋጀች ነው። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ከኤደን ወደ አዲስ አበባ ፈቃደኞችን በሚመልስበት በረራ ተመዝግባለች። ተራዋ መቼ እንደሚደርስ የሚነግራት የለም፤ ሲደርስ ግን ቶሎ ነው። ሐጃ ይህን ሰምተው አለቀሱ። ምራታቸውም። ታላቂቱ በስልክ ጠየቀቻት፦

«ሐጃን ማን ያገላብጣቸዋል ታዲያ?»

«ሁሉንም አስተምሬአቸዋለሁ እትዬ። መጀመሪያ በየሁለት ሰዓቱ ብዬ ሰንጠረዥ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ማን ያየዋል! መብራት የለም፣ ሰዓት የሚያይ የለም። በኋላ ነቃሁ፤ እነሱ አዛን ይሰማሉ። የእኛም አያት ወሎ ላይ ሥራዋን በአዛን አልነበር የምትቆጥረው? ስለዚህ ከሰላት ጋር አሰርኩት። ፈጅር ላይ በቀኝ፣ ዙህር ላይ በጀርባ፣ ዐስር ላይ በግራ፣ መግሪብ፣ ዒሻ፤ እንዲህ እያልኩ።»

«ከፈጅር እስከ ዙህር እኮ ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ነው። ይቆስላሉ!»

«መቼ ጨረስኩ? መካከሉን በሻይና በቁርስ ሞላሁት። ሻይ ሲፈላ ያገላብጣሉ፤ ምራታቸው አሁን ሐጃን ሳታይ ስኒ አታነሣም። ከዙህር እስከ ዐስር ደግሞ ጫት የሚቅሙት ወንዶች አሉ፤ አንዱ ይነሣል። ለሰላት የተቀመጠውን ሰው ማስነሣት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ጫት ላይ ያለውን ነው፤ እሱንም ለምዶታል።»

«ሌሊቱስ?»

«ሌሊቱ የልጅ ልጃቸው ነው። ስልኩን ይዞ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አይተኛም። ሁለቱን ዙር ለሱ ሰጠሁት። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ አሁን አገላብጦ ፎቶ እያነሣ ይልክልኛል።»

«ቁስሉ?»

«ሞልቷል እትዬ። ቆዳ ገጥሟል።»

ታላቂቱ ዝም አለችና፣ ከብዙ ዓመት የሌሊት ተራ የመጣ ልማድ ሆኖባት ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ሄደች።

«ተረከዛቸውስ?»

«ከባታቸው ሥር ትራስ ገብቷል፤ አልጋውን አይነካም። እሱን ያስተማርኩት ምራታቸውን ነው፤ እሷ ደግሞ ለጎረቤቷ አስተምራለች፤ የጎረቤቷም አባት አልጋ ይዘዋል።»